የካቲት 12 ከአጥሩ ውጭ ብቻ ነውን?

ባለፈው ሰሞን ለአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ የካቲት 12 ባነሣበት፣ «ሆስፒታሉን ነው ወይስ ትምህርት ቤቱን?» አለኝ። ሣቅሁ፤ ኋላ ግን አፈርሁ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለምና።

ውድ ጓደኞቼ፣ በየዓመቱ ከስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ አርበኞች ይሰለፋሉ፤ ንግግር ይደረጋል። መልካም ነው። እኛ ግን ከአጥሩ ወዲህ ቆመን እንመለከታለን፤ ነገሩ የተጀመረው ከአጥሩ ወዲህ መሆኑን ረስተን። ዛሬ መታወቂያ አሳይተን የምንገባበት ግቢ በ1929 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። ግራዚያኒ የኢጣልያ ልዑል ተወለደ ብሎ፣ ምጽዋት ሊሰጥ የከተማውን ድኻ በዚሁ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ በወረወሩ ጊዜ መትረየሱ የዞረው በእነዚያው ምጽዋት ጠባቂዎች ላይ ነው። ከዚያም ጥቁር ሸሚዞች ሦስት ቀን በየሰፈሩ ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ፤ ሐበሻ መሆን ብቻውን ያስገድል ነበር።

የሞተውን ሕዝብ መንግሥታችን 30,000 ሲል፣ ኢያን ካምቤል የተባለው ጸሐፊ 19,000 ገደማ ያደርሰዋል። በቁጥሩ እንከራከራለን፤ ከእነዚያ ድኾች የአሥሩን ስም የሚጠራ ግን ከመካከላችን ማን ነው?

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነ ሁሉ ከአያቱ ወይም ከሰፈር ሽማግሌ ጠይቆ፣ ያን ጊዜ የሞተውን ሰው ስምና ሰፈር በወረቀት ያምጣ። ያዩት አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ የሰሙትም እያረጁ ነው። በዕለቱ ጧት፣ ሰልፉ ሳይጀመር፣ በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ እናንብበው። መምህራንም አንድ ሰዓት ይልቀቁልን። አምስት ስም ብቻ ቢገኝ አምስቱ ይነበብ።