ጥንቸልና ኤሊ በቡልዶዘር ላይ

መንገድ በሚሠራበት ስፍራ ስታልፉ፥ ቡልዶዘር ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሳለ ሞተሩ ሲጮኽ ሰምታችሁ «ይህ ሰው ስለምን በከንቱ ናፍጣ ያቃጥላል?» ብላችሁ ይሆናል። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን የነዳጁን አሰጣጥ ማወቅ ይገባል።

በአውቶሞቢል ላይ የነዳጁን ፔዳል ስንጫን ሞተሩ ይፈጥናል፤ ስንለቀው ይበርዳል። በቡልዶዘር ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኦፕሬተሩ ሥራ ሲጀምር የነዳጁን እጀታ ወደ ከፍተኛው ዙር አድርሶ እዚያው ይተወዋል። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ከፍተኛው ዙር በጥንቸል፥ ዝቅተኛው በኤሊ ሥዕል ተመልክቷል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያነበዋል። በእግሩ ሥር ያለው ፔዳል ሲጫኑት ሞተሩን ያበርዳል፤ ሲለቁት ሞተሩ ወደ ተወሰነለት ዙር ይመለሳል።

ስለምን እንዲህ ሆነ? አንደኛ፥ ኦፕሬተሩ በአንድ እጁ መኪናውን ይመራል፤ በሌላው አፈር የሚገፋውን ብረት ያነሣል፥ ይጥላል። ሁለተኛ፥ ያን ብረት የሚያንቀሳቅሰው ዘይት የሚገፋው በሞተሩ ኃይል ነው፤ ሞተሩ ከበረደ ብረቱም ይዘገያል። ስለዚህ ዙሩ ሳይዋዥቅ መኖር አለበት።

ይህን የሚጠብቀው ገቨርነር የሚባለው መሣሪያ ነው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ለእንፋሎት ሞተር ያዋለው ዘዴ መሠረቱ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን የሚሽከረከሩ ክብደቶች ወደ ውጭ ተከፍተው ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ሸክም በዝቶበት ሲዘገይ ተሰብስበው ነዳጁን ይጨምራሉ። በአዲሶቹ መኪናዎች ይህን ሥራ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ወርሶታል። እንግዲህ እጀታው «ይህን ያህል ናፍጣ ስጥ» አይልም፤ «ይህን ዙር ጠብቅ» ይላል እንጂ። ሞተሩ ያለ ሸክም ሲጮኽ የሚያቃጥለው ናፍጣም አፈር ሲገፋ ከሚያቃጥለው እጅግ ያነሰ ነው። እርግጥ ሥራው ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ እጀታውን ወደ ኤሊዋ መመለስ የጥሩ ኦፕሬተር ልማድ ነው።

አደጋው የት እንዳለ አሁን ሳታስተውሉ አትቀሩም። አውቶሞቢል መንዳት የሚያውቅ ሰው «ይህስ ምን ያቅተኛል?» ብሎ ቡልዶዘር ላይ ቢወጣ፥ ገደል አፋፍ ሲደርስ ደንግጦ እግሩን ከፔዳሉ ያነሣል። በአውቶሞቢል ቢሆን ፍጥነቱ በቀነሰ ነበር፤ እዚህ ግን ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ ይዞ ወደ ፊት ይገፋል። የሚያጠፋው አለማወቁ ሳይሆን፥ ሌላ ነገር አጥብቆ ማወቁ ነው።

ከእናንተም መካከል ነገ ሥራ ለመቈጣጠር ወደ መንገድ ሥራ የምትላኩ ትኖራላችሁ። በእጃችሁ ወረቀትና እርሳስ ስለ ያዛችሁ ብቻ «ሞተሩን አብርድ» ብላችሁ ለማዘዝ አትቸኩሉ። ፊቱ በአቧራ የተሸፈነውን ኦፕሬተር አስቀድማችሁ ጠይቁት። አንድ ጥያቄ ማዕርግን አይቀንስም፤ የሰው ሕይወት ግን ሊያተርፍ ይችላል።