ሃያ ሕፃናት፣ አንድ ዓይነት በግ



የዐረፋ በዓል ሲቃረብ በየሕፃናት ማቆያውና በየኬጂው አንድ የተለመደ ሥራ አለ። ሞግዚቷ የበግ ሥዕል በወረቀት አባዝታ ታመጣና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ታድላለች። ጥጥና ሙጫ ይቀርባል። ልጁ ጥጡን በበጉ ሆድ ላይ እንዲለጥፍ ይታዘዛል። በእግሩ ላይ ከለጠፈ «እዚያ አይደለም» ይባላል፤ ሙጫውን በጣቱ እየዳበሰ ቢቆይ «ቶሎ በል» ይባላል። ሰዓቱ ሲገፋ ደግሞ ሞግዚቷ ራሷ ትጨርስለታለች። ማታ ሃያ እናቶች ሃያ አንድ ዓይነት በጎች ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በጎቹ ያምራሉ፤ ግድግዳ ላይም ይለጠፋሉ። ነገር ግን ከሃያዎቹ መካከል ልጁ አስቦ የሠራው አንድም የለም።

በዚህ ወር አምዳችን ልናነሳ የወደድነው ይህንኑ ነው። ይኸውም ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆቻችን በማቆያ ውስጥ ሲውሉ የሚሰጣቸው ጨዋታና የእጅ ሥራ ምን ዓይነት ቢሆን ይበጃል የሚለው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። እናት ጧት 2 ሰዓት ላይ አድርሳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የምትወስደው ልጅ የነቃበትን ቀን አብዛኛውን የሚኖረው እዚያ ነው። በአገራችንም የሚሠሩ እናቶች ቁጥር እየጨመረ በመሄዱ የማቆያዎች ነገር የሕግ ጉዳይ እስከመሆን ደርሷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ቤቱ ከተገኘ በኋላ ግን ውስጡ ምን ይደረግ የሚለውን አዋጅ አይመልሰውም።

ለመሆኑ ልዩነቱ የት ላይ ነው? አንዳንዱ ጨዋታ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ነው። በጉ በግ ሆኖ መውጣት አለበት፤ ከዚያ ያፈነገጠ ሁሉ ስሕተት ይባላል። ሌላው ጨዋታ ደግሞ መጨረሻውን የሚወስነው ልጁ ራሱ ነው። ዕቃ ዕቃ የተጫወትን ሁላችን እናውቀዋለን። አንዲት ጠጠር ዛሬ ጀበና ናት፣ ነገ ሕፃን ልጅ ሆና ትታዘላለች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሚኒባስ ሆና «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይባልባታል። በባትሪ የምትናገረው ውድ አሻንጉሊት ግን ያው ያንኑ ሦስት ቃል ስትደጋግም ትኖራለች፤ ልጁም በሦስተኛው ቀን ይሰለቻታል። እንግሊዛዊው ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በጻፈው ጽሑፍ የልጆች ፈጠራ የሚሰፋው በዙሪያቸው ባሉ፣ ሊያነሷቸው፣ ሊገጥሟቸውና ሊያፈርሷቸው በሚችሏቸው ልቅ ነገሮች ብዛት ልክ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። የእኛ እናቶች ጽሑፉን ባያነቡትም ነገሩን ያውቁታል።

ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው ከእኛ ከወላጆች ነው። «ወር ሙሉ ከፍዬ ልጄ ጭቃ ሲያቦካ ዋለ» የሚል ቅሬታ በብዙ ማቆያ በር ላይ ይሰማል። የጎረቤት ልጅ በ3 ዓመቱ ሀ ሁ ይጽፋል ሲባል ልባችን ይደነግጣል። ማቆያዋን የከፈተችው እህትም ወላጅ ልጁን አውጥቶ ወደ ሌላ እንዳይወስድባት ስትል፣ ጨዋታው እንደሚሻል እያወቀች እንኳ፣ ደብተሩን በፊደል ትሞላዋለች። የልጁን ጣት ይዛ ራሷ የጻፈችለት ገጽም ስንት ነው! ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በመሆኑም ነገሩ እንዲቃና ከተፈለገ ወላጅ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት።

ስለ ፊደሉ ጥቂት እንበል። ልጅ በ2 ዓመቱ ይሞነጫጭራል፤ ክንዱ በሙሉ ይወዛወዛል እንጂ ጣቱ ገና አይታዘዘውም። ወደ 3 ዓመት ገደማ ክብ መዝጋት ይጀምራል። በ4 ዓመት አካባቢ መስቀለኛ መሥመር፣ ከዚያም እያደር አራት ማዕዘን፣ 5 ዓመት ገደማ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ይመጣል። ልጅ ከልጅ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በአብዛኛው ይኸው ነው። እንግዲህ ፊደላችንን እንመልከት። ክብ የዘጋ ልጅ ዐይኑን «ዐ» ሠርቶታል፤ ሁለት ክብ ካገናኘ «መ» ቀርቦለታል፤ አግድም መሥመር ቁልቁለቱን ካቋረጠለት «ተ» ሩቅ አይደለም። በመድረሳ የሚጠብቀው የ«ሚም» እና የ«ዋው» ጭንቅላትም ያው ክብ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው እጅ የሚጠነክረው ደግሞ ጭቃ በመጭመቅ፣ ጨርቅ በመጠምዘዝ፣ ቆርኪ በመልቀምና በመደርደር ነው። ጭቃ የሚያቦካው ልጅ ከጽሕፈት ወደ ኋላ እየቀረ ሳይሆን ለጽሕፈት የሚሆነውን እጅ እያበጀ ነው ማለት ይቻላል።

«ኬጂ» የምንለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ፍሪድሪሕ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ሰጠው። ለልጆቹ ያዘጋጀላቸውም ከክር የተሠሩ ባለ ቀለም ኳሶች፣ ድቡልቡል እንጨት፣ በ8 ትናንሽ ኩቦች የሚከፈል የእንጨት ኩብ እና የመሳሰሉት ነበሩ። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 እነዚህን ቤቶች አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። ዛሬ በዚያው ስም ልጅ በወንበር ታስሮ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። በጣሊያን ሬጆ ኤሚልያ አካባቢ ደግሞ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ የአንዲት መንደር ነዋሪዎች ጦርነቱ ጥሎት የሄደውን ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪኖችና ፈረሶች ሸጠው በገንዘቡ ለሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለው መምህር ይህን ሰምቶ ሄዶ ከእነርሱ ጋር ሠራ፤ የልጆች የእጅ ሥራ የትምህርቱ እምብርት የሆነበት አካሄድም ከዚያ አደገ። ታንክ ሸጦ ማቆያ መሥራት! ጦርነት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዲናችንም ቢሆን የልጅ ጨዋታ የተናቀ አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የአነስ ታናሽ ወንድም የነበረውን ትንሹን አቡ ዑመይርንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለሚጫወትባት ወፍ ይጠይቁት ነበር። ሕይወት ያለውን ነገር ስለመሣል ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው የሚታወቅ ነው፤ የልጆችን መጫወቻ ግን ብዙዎቹ ለይተው ፈቅደዋል። በዚህ ረገድ የሚጠነቀቅ ቤተሰብ ካለ ጉዳዩ አያስጨንቅም፤ ለማቆያዋ መንገር ነው። ልጁ ዛፍ፣ ቤት፣ መስጂድ፣ ጨረቃ ይሠራል። በሐረር ስፌቶች ላይ ያለውን የቀለምና የመሥመር አደራደር ያየ ሰው ያለ አንድ ፊት ምን ያህል ውበት እንደሚወጣ ያውቃል። ለልጁ ባለ ቀለም ቆርኪዎችና ጠጠሮች ስጡትና ይደርድር፤ ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ ሁለት ቀይ። የሒሳብ መጀመሪያም ይኸው ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ብንወስድ ደስ ይለናል። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ከሞላ ጎደል የለም። ትልልቅ ካርቶኖች ከሱቅ ይገኛሉ፤ ሦስት ልጆች የሚገቡበት ካርቶን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት፣ አውቶቡስና ሆስፒታል ሲሆን ታያላችሁ። ከእንጨት ሥራ ቤት የሚጣል የጣውላ ቁርጥራጭ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ከታሸ ከገበያ ከሚገዛው የመገጣጠሚያ መጫወቻ አያንስም። ከልብስ ሰፊ ዘንድ ብጣሽ ጨርቅና ክር ያለቀበት ማጠንጠኛ ይገኛል። የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛው ክፍሉ ሲበሳ ዝናብ ይሆናል፤ ከሳፋ፣ ከኩባያና ከወንፊት ጋር የአንድ ረፋድ ጨዋታ ይወጣዋል። ሸክላ አፈር ከተገኘ ደግሞ ሌላ ምንም ባይኖር አያሳስብም።

ለቀለም ዕርድ በውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ ይሰጣል። የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ ሐምራዊ ቀይ ነው። የከሰል ዱቄት ጥቁር፣ የቡና አተላ ቡናማ ይሆናሉ። እንሶስላ በሚገኝበት አገር ያለች አያት ካለች እርሷን ጠይቁ፤ ልጆቹም እጃቸውን አብረው ይቀባሉ። አዲስ መፋቂያ ጫፉ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ሲሰነጣጠቅ ጥሩ ብሩሽ ነው። ዕርድ ከልብስ እንደማይለቅ ግን አስቀድመን እንናገር፤ የአባት አሮጌ ሸሚዝ ቁልፉ በጀርባ በኩል ሆኖ ቢለበስ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ እናክል። ከውጭ አገር የሚመጡ የሕፃናት መጻሕፍት ሩዝና ፓስታ በሙጫ አስለጥፉ ይላሉ። እኛ ግን አንወደውም። እህል ኒዕማ ነው፤ ልጅ ሲረግጠውና በመጥረጊያ ሲጠረግ ማየት የለበትም፤ ጠጠርና የጥድ ፍሬ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ሁለተኛው፣ ወለል ላይ የሚነጠፈውን አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት አስቀድማችሁ አገላብጡት፤ የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ያለበት እንዳይሆን። ይህ መጽሔት ራሱ ለዚያ አገልግሎት አይሆንም፤ እንደዚያ የሚያደርግ አንባቢ ይኖረናል ብለንም አናምንም።

አደጋውን ግን በቀላሉ አንለፈው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ቆርኪ፣ ባቄላ፣ ቁልፍ፣ ትንሽ ጠጠር ለእርሱ አይሆኑም፤ ከእርሱ ጡጫ የሚበልጥ ነገር ይሰጠው። የክብ ባትሪ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ከተዋጠ ጉሮሮን በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። ከግቢ ፍሬ ሲለቀም የጉሎና የአስተናግር ፍሬ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው፤ ሁለቱም መርዛማ ናቸው። ጉሎ በተለይ ዝንጉርጉርና አብረቅራቂ ስለሆነ ልጅ ይወደዋል። የቤት ግድግዳ ቀለም ለልጅ ሥዕል አይሆንም። በሳፋ ውኃ የሚጫወት ልጅን ደግሞ ስልክ ለማንሳት እንኳ ብሎ ብቻውን መተው አይገባም፤ ጥቂት ጣት የሚሞላ ውኃ ሕፃን ያሰምጣል።

ሞግዚቷ ታዲያ ምን ትሥራ? ዕቃውን ታቅርብ፣ ትቀመጥ፣ ትመልከት። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ቀለም ላይ ማስቀመጥ ራስን መቅጣት ነው፤ አራት ወይም አምስት በቀለም፣ ሌሎቹ በካርቶን፣ ሌሎቹ በሸክላ ይሁኑ፤ ተራው ደግሞ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ይተዉ። በ15 ደቂቃ «በቃ፣ አንሡ» የሚባል ልጅ ገና ሐሳቡ ሲመጣለት ተነሣ ማለት ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ጣውላ ቢጣሉ ወዲያው ከመፍረድ ትንሽ መጠበቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ድልድይ ያደርጉታል።

ንግግሯም ይለወጥ። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ልጁ ምንም ሳያስብ ቀለሙን ብቻ ሲያንሸራሽር ከሆነ ያሳፍረዋል። «ጎበዝ» ብቻውን ደግሞ ሥራውን ሳያዩ የሚወረወር ሳንቲም ነው። ከዚያ ይልቅ ያየችውን ብትናገር ይሻላል፦ «ቢጫውን እስከ ጫፍ ወስደኸዋል»፣ «ይኸኛው ግንብ ከአንቺ ረዘመ»። ልጁ መናገር ከፈለገ ከዚያ ይቀጥላል። በሱነን አቢ ዳውድ የተዘገበው ሌላው የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ታሪክ እዚህ ላይ ይታወሰናል። ከአሻንጉሊቶቻቸው መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ክንፉ ቢጠይቋቸው፣ የሱለይማን (ዐ.ሰ.) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብለው መለሱላቸው፤ እርሳቸውም ሳቁ። ክንፉን ንቀይው አላሉም።

ወላጆች ማታ ልጃችሁን ስትወስዱ «ዛሬ ምን ጻፍክ?» ከማለት «ዛሬ ምን ሠራህ? ከማን ጋር?» ብላችሁ ሞክሩ። ሞግዚቷንም እንደዚያው ጠይቋት፤ መልስ ካላት ልጁን ስታየው ውላለች ማለት ነው። በእጁ የተጨማደደ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቡናማ ወረቀት ይዞ ከወጣ እርሷን አትውቀሷት። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ቀኑን በጀርባው ጻፉበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ከሌላው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጡት ልጁ የት እንደደረሰ ይታያችኋል።

በሚቀጥለው ወር ዕትማችን በማቆያ ስለሚውሉ ልጆች የቀን እንቅልፍና ምግብ ይዘን እንቀርባለን፣ ኢንሻአላህ።