“ጨዋታ እኮ ነው” አትበሉኝ

ሰሞኑን ሰፈራችን ልጆች ውሻ እያዋጉ በስልክ ሲቀርጹ ደረስኩ። “ተዉ” ስላቸው “ቲቸር፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ሲለያዩ ይረሱታል” አሉኝ።

አይረሱትም! እ.ኤ.አ. በ1942 ጊንስበርግና አሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን አዋግተው ያዩት ይህንኑ ነው። ኃይለኛ የነበረው ደጋግሞ ሲሸነፍ ፈሪ ሆነ፤ ፈሪውም ደጋግሞ ሲያሸንፍ ደፈረ። ቆይቶ በካሊፎርኒያ አይጥ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ድል የለመደው አይጥ አንጎሉ ሳይቀር እንደሚለወጥ አሳየ።

“አይጥ ሌላ፣ ውሻ ሌላ” የሚል አይጠፋም። እሺ፣ አንድ ነገር መልሱልኝ፦ ቡችላውን መጀመሪያ ከደካማ ውሻ ጋር የምታጋጥሙት ለምንድን ነው? “እንዲለምድ” አይደል? በቃ! እንደሚለምድ እናንተም ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ነገ የጎረቤት ውሻ ሲቦጫጭቅ፣ ሊገላግል የገባ ልጅ ሲነክስ ግን “ዘሩ ክፉ ነው” ብላችሁ መርዝ ታበሉታላችሁ። አስተማሪው ማን ሆነና ነው ተማሪው ብቻ የሚቀጣው?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ ላይክም ሼርም አታድርጉ። ተመልካች ባይኖር አዋጊም አይኖርም።