የከተማ መንገድ ዕዳ የማን ነው?

ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ መገበያያው፣ መታከሚያውና የልጆቹ መማሪያ ናቸው። ከተሞች በሰፉ ቁጥር አዳዲስ ሠፈሮች ይቆረቆራሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ይቀድማል፣ መንገዱ ይከተላል። ክረምት በገባ ጊዜ እህል የተጫነ አህያ በጭቃ ይያዛል፤ በሽተኛም በቃሬዛ ይወሰዳል። ታዲያ መንገዱን የሚያሠራውና የሚያስጠግነው ገንዘብ ከማን ኪስ ይውጣ?

ተማሪዎች ሆይ፣ ያለ ዋጋ የተሠራ መንገድ እንደሌለ አስቀድማችሁ አስተውሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ መንገዱን ያስጠረጉት በሠራዊታቸው ጉልበት ነበር። ያ መንገድ ለአንድ ታላቅ ጉዞ የተጠረገ ነበር። የከተማ መንገድ ግን በየቀኑ ይረገጣል፣ በየክረምቱም ይሸረሸራል፤ ስለዚህ የማያቋርጥ ገቢ ያስፈልገዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ግብር ከፍለናል፤ የቀረው የመንግሥት ዕዳ ነው» ይላሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአገር ሁሉ መተላለፊያ ስለሆነ በአንዲት ከተማ ነዋሪዎች ላይ ሊጣል አይገባም። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ለጥገና የሚውለውን ገንዘብ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ እንዲያገኝ መደረጉ ተገቢ ነው፤ በመንገድ ብዙ የሚነዳ ብዙ ይከፍላልና። የሠፈር መንገድ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው የሠፈሩን ነዋሪ ነው። መንገድ ሲደርስ የቦታውና የቤቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ጥቅሙን ያገኘ ሰው ወጪውንም ሊካፈል ይገባዋል።

በእኔ አስተያየት የአዲስ ሠፈር መንገድ ከቦታው የሊዝ ገቢ ይሠራ፤ ጎዳናውም ቤት ከመሠራቱ በፊት ይከፈት። ቤት ከቆመ በኋላ መንገድ ማስፋት ካሳ ይጠይቃል፣ ቤተሰብንም ያፈናቅላል። ለጥገናው ደግሞ ከቦታና ከቤት ግብር የታወቀ ድርሻ ይመደብ። አዋጅ ቁጥር 80/1968 ለዚህ ዓይነቱ ግብር መሠረት ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ሆኖም ገንዘቡ ለመንገድ መዋሉ ካልታየ ከፋዩ ማማረሩ አይቀርም። ስለሆነም የከተማው አስተዳደር የሰበሰበውንና ያወጣውን በየዓመቱ በአደባባይ ያስታውቅ።

የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን በጥርብ ድንጋይ ለማንጠፍ ነዋሪው ከአስተዳደሩ ጋር ቢያዋጣ መልካም ነው፤ ይህም በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ተሠርቶበታል። በጉና ተራራ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ ጠራቢውም የሠፈር ወጣት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባለ ፎቁና ጠላ ሸጣ የምታድር እናት እኩል ያዋጡ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። መዋጮው እንደ ቦታው ስፋት ይሁን፤ ገንዘብ ያጣ ቦይ በመጥረግ በጉልበቱ ይርዳ፤ አቅመ ደካማውም ከመዋጮ ነጻ ይሁን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ የመንገድ ወጪም ሲከፋፈል ይቀላል። ክፍፍሉ ፍትሐዊ፣ ሒሳቡም ግልጽ ከሆነ ነዋሪው አይሰስትም። ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ያልተደፈነ ጉድጓድ ነገ የመላውን መንገድ ዋጋ ያስከፍላል።