የምትሰሙትን ዜማ ከነምክንያቱ ተናገሩ

ሙዚቃ የማይሰማ ሰው የለም፤ የሚሰማውን ሙዚቃ ለምን እንደሚሰማ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው። በደባርቅም ሆነ በዳባት መንገዶች የሚመላለሰውን ወጣት ብትመለከቱ፣ ብዙው ስልኩን በኪሱ ከትቶ፣ ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቶ ለብቻው እየሰማ ይጓዛል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ጓደኛሞች እንኳ አንዱ ሌላው የሚሰማውን ሳያውቅ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይደርሳሉ። ምን ትሰማለህ ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ የዘፋኙን ስም ይጠራል፤ ለምን ሲባል ግን «ደስ ስለሚለኝ» ብሎ ዝም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልስ በቂ አለመሆኑን ማሳየትና፣ የሚሰሙትን ሙዚቃ ከነምክንያቱ መናገር ለራስም ለጎረቤትም የሚጠቅም ልማድ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ይህ ልማድ በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖረው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ በሠርግ ቤት ወይም በጠጅ ቤት ማሲንቆውን ሲመታ፣ አድማጩ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ታዛቢ አይደለም። ከልቡ ያፈለቀውን ግጥም «ተቀበል» ብሎ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ቃሉን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። አንዱ የፍቅሩን፣ ሌላው የናፍቆቱን፣ ሦስተኛው በባለሥልጣን ላይ ያለውን ቅሬታ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ያቀብላል። እንግዲህ በዚያ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ማን ምን መስማት እንደ ፈለገና ለምን እንደ ፈለገ ያውቃል ማለት ነው። አዝማሪው አንድ ነው፤ ዘፈኑ ግን የቤቱ ሁሉ ነው። ዛሬ ስልኩ ሺህ አዝማሪ ይዞልናል፤ ዳሩ ግን አንዱም «ተቀበል» ብንለው አይሰማንም። ስለዚህ ለአዝማሪው እንሰጠው የነበረውን ቃል አሁን ለአጠገባችን ሰው ልንሰጠው ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሐሳብ ይቃወማሉ። «ሙዚቃ በስሜት የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ በምክንያት አይገለጽም፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ቢጠላ ምን ያከራክራል?» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት የለም አይባልም። ማንም ሰው ማር እንዲጣፍጠው በክርክር አይገደድም። ሆኖም መውደድ ሌላ፣ የወደዱትን ነገር ለይቶ ማወቅ ሌላ ነው። ዜማ በቃል ሊገለጽ እንደሚችል ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩን የገዛ አባቶቻችን ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሦስት ከፍሎ ካስተማረ በኋላ፣ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በዚሁ በስሜን ተራሮች ነው። ከተራሮቹ አንዱ እስከ ዛሬ አባ ያሬድ እየተባለ ይጠራል። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ደግሞ የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉትን የምልክት ስሞች ያጤኗቸው እንደ ሆነ፣ ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚርገበገብ በስማቸው ብቻ ይጠቁማሉ። ለድምፅ መንቀጥቀጥ ስም ያወጣ ሕዝብ ስለ ዜማ የሚናገረው ቃል አጣ ሊባል አይችልም።

ታዲያ ምክንያት የሚባለው ምንድን ነው? በአራት ወገን ከፍለን ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው ዜማው ራሱ ነው፤ ይኸውም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት መዜሙ፣ ፈጣን ወይም ዝግ ያለ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግጥሙ ነው፤ ምን አለ፣ ምንን ሸሸገ፣ የትኛው ቃል ልብ ነካ የሚለውን ይመለከታል። ሦስተኛው አጨዋወቱ ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ እጅ ሲያለቅስ በሌላው እጅ ይስቃል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የተጫዋቹ ጣትና ደጋን ነው። አራተኛው ዜማው ከሕይወታችን ጋር ያለው ትስስር ነው፤ የት ሰማነው፣ ከማን ጋር ሰማነው፣ ምን ያስታውሰናል የሚለው ነው። «ደስ ይለኛል» የሚል ሰው ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን እንኳ ቢጨምርበት ንግግሩ ወዲያውኑ ሥጋና ደም ይለብሳል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ ብትናገር፦ «ሰሞኑን የምሰማው በትዝታ ቅኝት የተጫወተ የዋሽንት ዜማ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ብዙ ከያዘ በኋላ ትንፋሹን ለመመለስ ጥቂት ዝም ይላል። እኔ የምወደው ያን ዝምታ ነው፤ ምክንያቱም ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከገደሉ ማዶ ዋሽንቱን ነፍቶ የገደል ማሚቶውን ለመስማት ዝም ሲል ያስታውሰኛል።» ይህን የሰማ ጓደኛ ዋሽንት ወድዶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰማ ያን ዝምታ ይጠብቃል። ልጅቷ ዜማ ብቻ አልሰጠችውም፤ ጆሮዋንም አውሳዋለች። አንድ መዝሙር በስልክ ከስልክ መላክ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ጆሮን ማዋስ ግን ያለ ቃል አይሆንም።

ከመናገር የሚያግደን ሌላው ነገር ሐፍረት ነው። አንዳንዱ ማሲንቆ እንደሚወድ ቢታወቅበት ኋላ ቀር የሚባል ይመስለዋል፤ ሌላው የውጭ አገር ዘፈን እንደሚሰማ ቢታወቅበት ባህሉን የናቀ የሚባል ይመስለዋል። በአገራችን «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ለረጅም ጊዜ እንደ ስድብ ሲያገለግል ኖሯል። የቃሉን ሥር ብንመረምር ግን ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ከመዝሙርና ከዘማሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሐፍረትን የሚያሸንፈው ምክንያት ነው። ምክንያቱን አስተካክሎ የሚናገር ሰው የሚሰማው የአገር ቤትም ይሁን የባሕር ማዶ ማንም ሊያሳፍረው አይችልም።

የመናገር ጥቅም ከጓደኛ አልፎ ምን ያህል እንደሚሄድ አንድ እውነተኛ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ አገር የሙዚቃ ዝግጅት ያሰናዳ የነበረው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ አንድ ወዳጁ ከኢትዮጵያ ያመጣውን የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ሰማ። በሰማው ነገር ተደንቆ ዝም አላለም፤ በካሴት እየቀዳ ለወዳጆቹና ለጋዜጠኞች አዳረሰ፤ እሱም ወደ አዲስ አበባ መጣ። «ኧረ መላ መላ» የተሰኘው የማሕሙድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፓ በሸክላ ወጣ። ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስቦችን አወጣ፤ ቁጥራቸውም ከ25 በላይ ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ በጦር ሜዳና በድግስ በአፍ የሚሰማውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ያዛወረው የጌታቸው መኩሪያ ሥራ ነው። «ዘ ኤክስ» የሚባለው የኔዘርላንድ የሙዚቃ ጓድ እ.ኤ.አ. በ2004 ጌታቸውን ጋበዘው፤ በ2006ም «ሞአ አንበሳ» የተባለውን ሥራ ከእሱ ጋር አወጣ። የስሜን ሰው ከአያቱ አፍ የሚያውቀው የሽለላ ድምፅ በዚህ መንገድ በአውሮፓ አዳራሾች ተሰማ። መነሻው ግን አንድ ሰው የሰማውን ለሌላው መንገሩ ነበር።

የደባርቅ ወጣት ለዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ወደ ፓርኩ የሚወጣው እንግዳ በአብዛኛው የሚያልፈው በደባርቅ ነው። ያ እንግዳ ማታ በሰፈሩ የሚሰማው ዜማ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቅ «የባህል ዘፈን ነው» የሚል መልስ ብቻ ከሰማ፣ ስለ ዋልያው የተነገረውን ያህል ስለ ሰዉ ሳያውቅ ይመለሳል።

ከእንግዳው ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የጎረቤታችን ነገር ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት የዳባትና የደባርቅ ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል፤ ተፈናቃይም ተቀብሏል። በጦርነቱ ዘመን ዘፈን በየወገኑ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ሽለላና ፉከራ ጀግናን ማወደሳቸው ጥንትም የነበረ ነው፤ ነገር ግን ጀግናን ማወደስ አንድ ነገር፣ አንድን ሕዝብ በጅምላ ማዋረድ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ከበሮ ሲመቱ ጆሮ ብቻውን አይለያቸውም። የሚለያቸው «ይህን ለምን እሰማለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንድ መመዘኛ ላቅርብላችሁ፦ የምትወዱትን ዘፈን የምትወዱበትን ምክንያት፣ ዘፈኑ ስለሚናገርለት ሰው ፊት ለፊት ቆማችሁ መናገር ትችላላችሁን? የምትችሉ ከሆነ ዘፈኑ ክብር አለው። የማትችሉ ከሆነ ግን ዜማው ምንም ያህል ቢጥም፣ በጆሯችሁ ያስገባችሁት መርዝ መሆኑን ጠርጥሩ።

በዚሁ ዘመን በትግራይ ከነበሩ መጠለያዎች የሸሹ ኤርትራውያን ስደተኞች በዳባት አቅራቢያ በተቋቋመው በአለምዋጭ ሰፍረዋል። እነሱም ክራር አላቸው፤ የእኛን ማሲንቆ የሚመስለውን መሣሪያም ጭራ ዋጣ ይሉታል። በቋንቋ የማይግባቡ ሁለት ወጣቶች ስለ ፖለቲካ ቢነጋገሩ መጣላት ይቀናቸው ይሆናል፤ «አንተ ምን ትሰማለህ? ለምን?» ብለው ቢጠያየቁ ግን፣ ሁለቱም ስለ እናታቸውና ስለ ናፈቁት አገር መናገራቸው አይቀርም። የአንድን ሰው ኀዘን በዜማው በኩል የሰማ ሰው ያንን ሰው መናቅ ይቸግረዋል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉንም ነገር የመናገር ግዴታ የለም። ለብቻ የሚሰማ፣ በልብ የሚቀር ዜማም አለ፤ ያን ማክበር ይገባል። እንዲሁም ምክንያትን መናገር ሌላውን አስገድዶ ማስወደድ አይደለም። የተናገረ ሰው የመስማት ዕዳ አለበት፤ የራሱን ብቻ እያወራ የሌላውን የማይሰማ ሰው ከማዳመጫው ገና አልወጣም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ሥራው ከባድ አይደለም። ዛሬ ማታ ከምትሰሙት አንድ ዜማ ምረጡ። ከአራቱ ምክንያቶች የትኛው እንደ ሳባችሁ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያም ለአንድ ሰው ንገሩ። ቀጥሎም አያታችሁን ወይም የሰፈራችሁን ሽማግሌ በወጣትነታቸው ምን ይሰሙ እንደ ነበርና ለምን ይወዱት እንደ ነበር ጠይቁ፤ መልሳቸውንም በደብተራችሁ አስፍሩ። በአረም፣ በአጨዳና በውድማ ላይ ይዜም የነበረ ብዙ ዘፈን በሸክላም በካሴትም አልተቀረጸም፤ ያለው በእነሱ ደረት ውስጥ ነው። ዜማውን የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ዜማው አብሮ ያልፋል፤ ጠይቆ የጻፈ ልጅ ካለ ግን ቢያንስ ለምን ይወደድ እንደ ነበር የሚናገር ይቀራል።