ቼዙን አትንኩብን!



ሰሞኑን በአንድ ስብሰባ ላይ «ልጆቹ ፈተና እየወደቁ ቼዝ ምን ያደርግላቸዋል? ይቁም!» ተባለ። እዚያው መልስ ልሰጥ ሞክሬ ነበር፣ ሰሚ አላገኘሁም። እዚህ ልጨርሰው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፈው 3.2 በመቶ ብቻ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ያመኛል። ግን የጣላቸው ቼዝ ነው እንዴ? እኛ የምንጫወተው በምሳ ሰዓት ነው። ሰሌዳችን ካርቶን፣ ጠጠራችን የአምቦ ውሃ ቆርኪ። የማንንም በጀት አልነካንም።

«የፈረንጅ ነው» ላላችሁም፣ ሰንጠረዥ በነገሥታቱ ግቢ ሲጫወቱት የኖረ ነው።

በቆርኪ ደርድረን ካየናቸው ጨዋታዎች አንዱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ፣ ኦፔራ ቤት ውስጥ። ነጩን የያዘው ፖል ሞርፊ፣ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ነው። ጥቁሩን ሁለት መኳንንት እየተመካከሩ ይጫወታሉ። የመረጡት የፊሊዶርን መከላከያ ነው፤ የመሀሉን ወታደር በሌላ ወታደር መደገፍ። ጠንካራ ነው፣ ግን ይጠባል። መጀመሪያ ወታደሩ፣ ኋላ ንግሥቲቱ ፊቱ ተገትረው አንዱን ቢሾፕ ዘጉበት።

ሞርፊ ግን ያለውን ሁሉ አወጣ። ፈረስ ሠዋ፣ ሩክ ሠዋ፣ በ16ኛው እርምጃ ንግሥቱን ራሷን ሰጠ። በ17ኛው የቀረው ሩክ፣ ቢሾፑ ደግፎት፣ ማት! ጥቁሮቹ በጠጠር ብዛት ይበልጡ ነበር'ኮ።

«ታዲያ ለምን ተሸነፉ?» አልኳቸው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ፣ ከኋላ ወንበር የማይነሳ ልጅ ሰሌዳውን ሲያይ ቆይቶ «ቲቸር፣ እነዚህ ሁለቱ'ኮ አልተጠሩም» አለኝ። የጥቁሩን ሩክና ቢሾፕ ነው። እውነቱን ነው፤ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ነው ጨዋታው ያለቀው።

እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ክፍሌን ነው። ከፊት ያሉትን አራት አምስት ልጆች ብቻ እየጠየቅን፣ የቀሩትን ጥግ አስቀምጠን እናስተምራለን። እኔም ጭምር። ሲወድቁ ደግሞ ጥፋቱን በቆርኪ ላይ እንለጥፋለን!

ቼዝ ፈተና ያሳልፋል አላልኩም። ያ ልጅ ግን የተናገረው እዚያ ሰሌዳ ፊት ነው። ሌላ የሚናገርበት ቦታ ካዘጋጃችሁለት እኔ ራሴ ካርቶኑን አጥፌ አስረክባለሁ። እስከዚያ ምሳ ሰዓታችንን ተዉልን።

ከእኔ ጋር የተጫወታችሁ፣ እስቲ መስክሩ። ቆርኪ ያላችሁም አምጡ፤ ሁለት ወታደር ጠፍቶብናል።