«አልሰማም ማለት» እና «አለመስማት» ይለያያሉ

ዛሬ በመጽሔታችን ላይ ሐሳቤን የማካፍላችሁ ስለ ጆሮ ነው።

«አይሰማም» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ጆሮው አይሰማም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ምክር አይሰማም፣ አይታዘዝም ማለት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። እኔ ግን የምለው፣ ጆሮው የማይሰማ ልጅ አልታዘዝም ያለ ልጅ አይደለም። እሱን ለመርዳትም ብዙ ብር አያስፈልግም፤ ትንሽ ልማድ መቀየር ይበቃል።

ይህን የምለው ስለሚመለከተኝ ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ጆሮዬ እየመገለ ለብዙ ጊዜ አሞኝ ነበር። አሁን በግራ ጆሮዬ በደንብ አልሰማም። በቀኙ እሰማለሁ፤ ግን ጫጫታ ካለ ይደባለቅብኛል። ስለዚህ ከኋላዬ ጠርታችሁኝ ዝም ካልኩ ኮርቼ አይደለም። አስተማሪ ሲጠይቀኝ ያልተጠየቅኩትን ከመለስኩም እየቀለድኩ አይደለም።

ሰዎች ይህን ሲያውቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት መጮህ ነው። መጮህ ግን ብዙ አይጠቅምም። ሰው ሲጮህ አፉ ይጣመማል፣ እኛ ደግሞ ግማሹን የምንረዳው ከንፈር አይተን ነው። በዚያ ላይ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየናል። ፊት ለፊት ሆኖ፣ ረጋ ብሎ፣ በተለመደው ድምፅ መናገር ይሻላል።

ከመጮህ የባሰው ደግሞ «ተዪው በቃ» የሚለው ቃል ነው። ጓደኞቼ ሲስቁ «ምን አለች?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ተዪው፣ ምንም አይደል» ይሉኛል። ለእነሱ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ መድገም እኮ አምስት ሰከንድ አይፈጅም!

«ደንቆሮ» ስለሚለው ስድብም ልናገር። አንዳንድ ልጆች ጥያቄ ያልመለሰን ልጅ «ደንቆሮ» ይሉታል። ይህ ቃል አለመስማትንና አለማወቅን አንድ አድርጎ ይሳደባል። መስማት የተሳነው ሰው ግን ጆሮው ነው እንጂ አእምሮው አልተዘጋም። በአገራችን መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ለምሳሌ ሆሳዕና ከተማ አንዱ ይገኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል። አላዋቂ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልግ ነበር?

እኔን በጣም የረዱኝ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ጎረቤታችን ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለእናቴ ጆሮዬ ውስጥ የሞቀ ዘይት እንዳትጨምር ነግረው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩን። አያቴ ሊያናግሩኝ ሲፈልጉ አይጣሩም፤ ትከሻዬን ነካ አድርገው ፊቴን እስካዞር ይጠብቃሉ። ቡና ሲጠጣ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚያወራ ለእኔ ከባድ ነው፤ ያኔ እሳቸው ቀኝ ጆሮዬን ወደ ሰዎቹ አድርገው ያስቀምጡኛል። መንገድ ዳር ያለው መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ ደግሞ የጣት ፊደል አስተማረኝ። የእኛ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርፆች አሉት። ከ«ለ» ወደ «ሉ»፣ «ሊ» ስንሄድ ቅርፁ ያው ሆኖ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያያል። በጣም ደስ ይላል። ፈተና ላይ ግን ለመኮራረጅ እንዳትጠቀሙበት!

ሰፈር ውስጥ ይህ ከተቻለ ትምህርት ቤት ውስጥ ለምን ያቅታል? አንዳንድ ሰው «አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እያለ ለአንድ ልጅ እንዴት ይሆናል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ክፍላችን ሞልቷል። እኔ የምጠይቀው ግን የሌላውን ልጅ ጊዜ አይወስድም።

አንደኛ፣ መምህራኖቻችን፣ እባካችሁ ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ እየጻፋችሁ አታስረዱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወደ እኛ ዙሩና አስረዱን። ያኔ ጥሩ የሚሰማውም የበለጠ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ የፊት ወንበር የሚሰጠው በቁመት ብቻ አይሁን። በደንብ የማይሰማና በደንብ የማያይ ልጅ ረጅም ቢሆንም ፊት ይቀመጥ። በዳር በኩል ከተቀመጠ ማንንም አይከልልም።

ሦስተኛው ለራሳችን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። በሰልፍ ጊዜና በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የምንናገረው ማስታወቂያ በሙሉ በወረቀት ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ያ ድምፅ ማጉያ ሲያንባርቅ ለእኔ «ቧ ቧ» ብቻ ነው። የፈተና ክፍል ሲቀየር በድምፅ ብቻ ከተነገረ የማይሰማ ልጅ ፈተናው ያልፈዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ የጤና ድርጅት በዓለም ደረጃ የሚያከብረው የመስማት ቀን የካቲት 24 ነው፣ ማለትም የዓድዋ በዓል ማግስት። የዘንድሮውን ቀን እኛም በሰልፍ ላይ ስማችንን በጣት ፊደል በመጻፍ እናክብረው። ለማስተማር እኔ ዝግጁ ነኝ።

ጥሩ የሚሰማ ጆሮ ያላችሁ ደግሞ ጠብቁት። የክብሪት እንጨትና የእስክሪብቶ ክዳን ጆሯችሁ ውስጥ አትክተቱ። ጆሯችሁ ከመገለ ሳትደብቁ ለወላጅ ተናገሩና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ታናናሾቻችሁ የኩፍኝ ክትባት እንዲከተቡ ለቤተሰብ አስታውሱ፤ ኩፍኝም ጆሮ ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። በየክፍሉ እንደ እኔ ያለ፣ ግን እንዳይሳቅበት ፈርቶ ዝም ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል። አስተማሪ ሲያስረዳ የሰማ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። አጠገባችሁ እንዲህ ዓይነት ልጅ ካለ ደብተራችሁን አሳዩት፣ የተባለውንም ድገሙለት። «ተዪው» ወይም «ተወው» አትበሉ።

 

ከ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል